ሰባት ከተማ ወደ ሦስት ሲወርድ፦ የአንድ ቤተሰብ የክረምት ጉዞ

አባት፣ እናት፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረው ወንድ ልጅ። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በፈረንጆቹ 2025 ክረምት አገር ቤት ለመግባት ቆረጡ። በዚያው መንገድ ደግሞ ለልጆቹ አውሮፓን ማሳየት አማራቸው። እኔ ከባል ጋር አብሮ አደግ ነኝ። ትኬት ቤትም ስለሠራሁ እቅዱን አብረን አወጣን። ስማችንን አትጥቀስ ብለውኛል፤ ሌላውን ግን ሁሉንም ጻፍ አሉ።

የመጀመሪያው እቅድ ሚስት ስልክ ላይ ተጽፎ ነው የመጣው። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ሮም፣ ዱባይ፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሲመለሱ ደግሞ አክስቷ ያለችበት ፍራንክፈርት። ሁሉም በአምስት ሳምንት። «ከሄድን አይቀር» አለች። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚያስበው። ትኬቱ ውድ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ የሚገኘው በስንት መከራ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጉዞ ይለቅ።

እኔ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ከተሞቹን ሳይሆን አልጋዎቹን ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ፓሪስም ሮምም ያው ናቸው። እሱ የሚያውቀው የሚተኛበትን ቦታ ብቻ ነው። አልጋ በተቀየረ ቁጥር አንድ ቀን ይበላል። ዋዜማው ሻንጣ በመሸከፍ ያልቃል፣ ቀኑ በመንገድ፣ ሌሊቱ ባዲስ ክፍል በለቅሶ። በማግስቱ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዘህ ሙዚየም ትሰለፋለህ። ሰባት ከተማ ማለት ከአምስቱ ሳምንት አንዱን ለሻንጣ መስጠት ነው። ይህን ሳሳያቸው ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ መቀነስ ጀመርን።

ዱባይ በቀላሉ ወደቀች። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጋሪ እየገፋ የሚሄድበት ሰው የለም። ፓሪስ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር፤ ልጅቷ የኤፍል ታወር ስቲከር ደብተሯ ላይ ለጥፋ ነበርና። በኋላ እሷም ቀረች። ባሕር ዳር ግን ከባድ ነበረች፤ የባል እናት እዚያ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ ግጭት አለ። ሁለት ሕፃን ይዞ መሄዱን ማናችንም አልደፈርነውም። የወባውም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ የለባትም። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልጆቹ የመከላከያ መድኃኒት መዋጥ ይኖርባቸዋል። ባል ለእናቱ ደውሎ «እማዬ፣ አንቺ ነይልን፤ ትኬትሽን እኔ እቆርጣለሁ» አላት። «ልጆቼን ላይ ነው፣ ለምን በእግሬ አልመጣም» አለችው። በዚህ አለቀ።

ለንደንን የጣላት ፓስፖርት ነው።

በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ፓስፖርት

እናትና ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። አባት ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። በኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። እቅዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጠንካራው ፓስፖርት ነው። መውጣት ያለበት በደካማው ነው።

ለንደን ለመግባት አባት የብሪታንያ ቪዛ ለብቻ ማውጣት ነበረበት። እናትና ልጆቹ ቪዛ ባያስፈልጋቸውም ከጥር 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ ኢቲኤ የሚባለውን የመግቢያ ፈቃድ ቀድሞ መያዝ አለበት። ጨቅላ ሕፃንም ቢሆን። ዋጋው በዚያ ክረምት በሰው 16 ፓውንድ ነበር። ለሦስት ቀን ለንደን ይህን ሁሉ? ተሰረዘች።

የቀሩት የአውሮፓ ከተሞች ሸንገን በሚባለው የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ ናቸው። ጀርመንም ጣሊያንም በአንድ ቪዛ ይታያሉ። ግን ሁለት ነገር መንገዱን ቆለፈብን።

አንደኛው፣ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ስለዚህ «ከየትኛው ኤምባሲ ቀጠሮ አገኘሁ» ከማለት በፊት «የት ስንት ሌሊት አድራለሁ» መባል አለበት። እኛ ፍራንክፈርት አምስት፣ ሮም ስድስት ሌሊት አደረግን። ስለዚህ ማመልከቻው ለጣሊያን ሆነ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። በ15 ቀን ያልቅ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን ድረስ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። አንዴ ገብተህ ከወጣህ አለቀ። ሚስት መጀመሪያ ያሰበችው ሲሄዱ ሮም፣ ሲመለሱ ፍራንክፈርት ነበር። ይህ ለሷ ምንም አይደለም። ባሏን ግን ሲመለሱ ፍራንክፈርት በር ላይ ያስቀርባታል። ሁለቱን ከተሞች አጋጥመን መሄጃው ላይ አደረግናቸው።

ለማንኛውም ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ መቀየር ይችላል።

ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ሲቀር። የመጨረሻውን ቁጥር እርሱት። እነሱ ቀጠሮ ያገኙት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ገጹን እያደሱ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ግዴታው ለአባት ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ለአራቱም ግዙ አልኩ። የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ውጭ አገር ላይ የሚሸፍነው ትንሽ ነው፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይሸፍንም።

ጠንካራው ፓስፖርትም የራሱ ጣጣ አለው። የልጅቷ ፓስፖርት የወጣው ጨቅላ ሳለች ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው አልፎበታል። በፖስታ አይታደስም። ሁለቱም ወላጆች ልጅቷን ይዘው በአካል መቅረብ አለባቸው፣ ወይም የቀረው ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ ፈቃድ ይልካል። ከዚያ ሳምንታት መጠበቅ ነው። ይህን ያየነው በታኅሣሥ ስለነበር ጊዜ አልጎደለንም።

ትኬትና ሻንጣ

የአባት ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ አልኳቸው። ለማመልከቻው ሪዘርቬሽን ይበቃል። ቪዛው የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ዋጋው ጨምሮ ነበር፤ ሚስት እስካሁን ታነሳብኛለች። እኔም እስካሁን ያልኩት ነው ያልኩት። ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡን ማን ይመልሳል?

አራቱን በረራዎች በአንድ ትኬት አደረግናቸው፤ መልቲ ሲቲ የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ሉፍታንዛና ዩናይትድ የአንድ ማኅበር፣ የስታር አሊያንስ አባላት ስለሆኑ በአንድ ትኬት ይገናኛሉ። ከፍራንክፈርት ሮም ለብቻው በርካሽ አየር መንገድ ቢያዝ በጥቂት ዩሮ ይገኝ ነበር። ግን ለእያንዳንዱ ሻንጣ ይከፈላል፤ ሲደመር ርካሽነቱ ይጠፋል። ከአሜሪካ ተነስቶ በአንድ ትኬት የተያዘ ጉዞ ላይ ግን መጀመሪያ የተፈቀደው የሻንጣ ልክ እስከ መጨረሻው ይሠራል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ነው።

ልጁ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ይሄዳል፤ የሚከፈልለትም ከአዋቂው ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ነው። ዕድሜው የሚታየው ግን ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን አይደለም፤ በእያንዳንዱ በረራ ቀን ነው። ስለዚህ ሲመለስ የራሱ ወንበር የግድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቦሌ ላይ ሻንጣው ተደርድሮ ይነገረዋል። በዚያ ሰዓት የሚገዛ ወንበር ዋጋውን እግዜር ይወቀው። እናት ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት ላለው ሌሊትም ወንበር ገዛችለት። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ጭኔ ላይ ሲራገጥ? በፍጹም» አለች። አባት አጉረመረመ። እኔ ከሷ ጋር ነበርኩ።

አሁን ወደ ሻንጣው። አገር ቤት የሚገባ ሐበሻ በሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ እስከ ጫፉ ሞልቶ ነው የሚሄደው። ለአክስት ጫማ፣ ለአጎት ቫይታሚን፣ ለእናት የስኳር መለኪያ። ይህን ጭኖ ቀጥታ አዲስ አበባ መውረድ ይቻላል። ሮም ባለ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ግን ጋሪም ሻንጣም መግፋት አይቻልም። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት አየር አለ። ሮም ላይ ቁምጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ጃኬትና ቦቲ።

መላው ሰው ነው። የሚስት ወንድም በሰኔ አጋማሽ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ስጦታውም፣ የልጆቹ የክረምት ልብስም፣ ግማሹ ዳይፐርም በሱ ሄደ። እነሱ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የሚታጠፍ ጋሪና የጀርባ ቦርሳ ይዘው ወጡ። በሕይወቴ ካየኋቸው አገር ቤት ገቢዎች ሁሉ እንዲህ ቀሎት የወጣ ቤተሰብ የለም።

ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል። ሴቷ የታይፎይድ ክትባት ተወጋች። ትንሹ አልተወጋም፤ መርፌው ከሁለት ዓመት ጀምሮ ነው የሚሰጠው። ሐኪሙ ለሱ የሰጠው ምክር ውሃና ምግብ ላይ ጥንቃቄ ነበር፣ ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ ከሚጠጣው ኦአርኤስ ጋር።

ፍራንክፈርትና ሮም

መጀመሪያ ፍራንክፈርት የሆነው በአክስት ምክንያት ነው። ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት የሰዓት ልዩነቱ ስድስት ነው። ልጆች ይህን የሚከፍሉት በሌሊት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው «ቁርስ» ሲሉ የሰው አፓርታማ ውስጥ ከመሆን አክስት ቤት መሆን ይሻላል። እሷም ተነሥታ ፓንኬክ ጋገረችላቸው። እናት ተኛች። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሲደርሱ የሚጨመረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቀጥታ ቢሄዱ ሰባቱን ሰዓት ባንዴ ይቀበሉት ነበር።

የደረሱት እሑድ ነው። ጀርመን እሑድ ሱቅ ይዘጋል። ባቡር ጣቢያ፣ አየር ማረፊያና ነዳጅ ማደያ ካልሆነ በቀር ወተት የሚሸጥልህ ማግኘት ይከብዳል። አክስት ቅዳሜ ሁሉንም ገዝታ አስቀምጣ ነበር።

ማንም ያልጠበቀው ሙቀቱን ነው። እኛ ስንሠጋ የነበረው ለሮም ነበር። በዚያ ሰሞን አውሮፓን የሙቀት ማዕበል መታው፤ ጀርመን ውስጥ አንዳንድ ቦታ 39 ዲግሪ ደርሷል። የአክስት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኤሲ የለውም፤ ጀርመን ውስጥ ብዙ መኖሪያ ቤት የለውም። ቀን መዝጊያውን አውርደው ጨለማ ውስጥ ዋሉ። ማታ እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ሰቀሉ። በባቡር ሃይደልበርግ ሊሄዱ ነበር፤ ቀረ። የቀናቸው የዘንክንበርግ ሙዚየም ነው። የዳይኖሰር አፅም ስላለ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሄደዋል።

ሮም ላይ አፓርታማ ሲፈለግ እናት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ኤሲ አለው ወይ፣ ሊፍት አለው ወይ። ፎቶው ምንም ይሁን። ሳን ጆቫኒ አካባቢ አንድ አገኘች። ቀኑንም የመረጥነው አስበን ነው። 2025 የካቶሊኮች የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበር ከተማዋ በምእመን ተጥለቅልቃ ነበር። የወጣቶች በዓል ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ስለነበር እነሱ በሐምሌ መጀመሪያ ገብተው ወጡ።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ለአዋቂ 14 ዩሮ ነው፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ከጣቢያው በኋላ ግን ሌላ ታክሲ አለ። ከአየር ማረፊያው መሃል ከተማ ድረስ ያለው የታክሲ ዋጋ የተቆረጠ ነው፤ 55 ዩሮ። ለአራት ሰው ከነሻንጣው፣ ከነጋሪው፣ እስከ በራቸው። ባቡሩን ተዉት።

የቀኑ አካሄድ ቀላል ነበር። በጧት መውጣት፣ ስድስት ሰዓት ሳይሆን መመለስ፣ ምሳና እንቅልፍ፣ ጀንበር ስትዞር እንደገና መውጣት። በቀን አንድ ነገር ብቻ። የኮሎሴየም ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ስለሆነ እናት ቀኑን ስልኳ ላይ ሞልታ ጠዋት ያዘች። ለልጆች ነፃ ነው፤ ቢሆንም ቦታ መያዝ አለበት።

ልጆቹ ግን ከኮሎሴየም ይልቅ የወደዱት የመንገድ ቧንቧ ነው። ሮም ውስጥ ከ2,000 በላይ «ናዞኒ» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ። ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ያፈስሳሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ እንደ ምንጭ ይተኮሳል። ልጅቷ ይህን ካወቀች በኋላ የሚያልፉት ቧንቧ አልነበረም። ትንሹ ደረቱን አርሶ ይቀጥላል፤ በ36 ዲግሪ ማን ይቆጣል? አራቱም ባዶ ጠርሙስ ይዘው ነበር የሚወጡት። ውሃ አልገዙም ማለት ይቻላል።

አባት አንድ ቦታ የግድ ብሎ ነበር፤ ፖርታ ካፔና። የአክሱም ሐውልት በፈረንጆቹ ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረ አደባባይ ነው። ልጅቷ ዙሪያውን አየችና «የታለ?» አለች። «ወደ ቤቱ ተመልሷል» አላት። በ2005 ተጓጉዞ በ2008 አክሱም ላይ መልሶ ቆመ። 24 ሜትር ድንጋይ እንዴት በአውሮፕላን እንደሄደ ለማስረዳት ሲሞክር እሷ ቧንቧ አየች። ሮጠች።

እኔ ሮም ላይ አምስት ሌሊት ይበቃ ነበር እላለሁ። ሚስት አትስማማም። ቪዛው ደግሞ ከሷ ጋር ነው፤ አንድ ሌሊት ቢቀነስ ከፍራንክፈርት ጋር እኩል ይሆንና ማመልከቻው ለጀርመን መሄድ ነበረበት።

አዲስ አበባ

ከሮም አዲስ አበባ ያለው የሌሊት በረራ ነው። ልጆቹ ተኙ። ቦሌ ሲወርዱ ዝናብ ነበር፤ የሚስት ወንድም ጃኬቶቹን ይዞ ቆሟል።

የዲያስፖራ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ በፍቅር። በቀን ሦስት ቤት ይጠየቃል። በየቤቱ ቡና፣ በየቤቱ ምግብ፣ በየቤቱ «ምነው አልበላ አለ ልጁ?» ከፍታው ራሱ ያደክማል፣ ብርዱም አለ። ልጅ ደግሞ በማያውቀው ሰው ሲሳም ውሎ ማታ ይፈነዳል።

ስለዚህ ገና ሜሪላንድ ሳሉ አንድ ውሳኔ ወስነው ነበር። አንድ እሑድ ዘመድ ሁሉ አንድ ቤት ይጠራል። ቀኑ ሲመረጥ የፈረንጅ ካላንደር ብቻ አይበቃም። የገቡት የሐዋርያት ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ፍቺው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ ዋለ። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። በግ የሚታረድበት ጊዜ በሁለቱ መሃል ያለው ነው። ልጆቹ አንድ ሳምንት ይረፉ ተብሎ ሐምሌ 13 ሆነ። ከዚያ ውጭ በቀን አንድ ቤት፣ እሱም ከእንቅልፍ በኋላ።

ሁሉም አልወደደውም። አንድ አጎት «እኔ ጋ ሳትመጡ?» ብለው አኩርፈው ነበር። ባሕር ዳር ያሉት አያት ናቸው ያበረዱት። «ጋሼ፣ ልጆቹ ይታመሙ ነው የሚሉት?» አሏቸው። አጎት በግብዣው ዕለት መጥተው ከሁሉ በኋላ ወጡ።

ትንሹ ግን ከመታመም አልዳነም። ሆዱ ተቅማጥ ያዘ። ኦአርኤሱ ሻንጣ ውስጥ ነበርና በማንኪያ በማንኪያ ሰጡት። ደም እንደሌለው፣ ትኩሳት እንደሌለው፣ እንደሚሸና እያዩ ቆዩ፤ ሐኪምም አዩት። በሦስተኛው ቀን አንድነት ፓርክ አንበሳ ሊያይ ወጣ። ቢሾፍቱ ሊያድሩ የያዙት ሆቴል ግን በዚህ ቀረ።

መመለሻው

ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይቸግራል። ተሳፋሪ አይወርድም። ልጆች ግን «ደረስን?» ብለው ይነቃሉ፤ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ትንሹ በራሱ ወንበር ተኛ።

ሻንጣው ሲመለስ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ሆኗል። አያት ቋንጣም ጨምረው ነበር። ሥጋ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ቋንጣም ሥጋ ነው። ባል አውጥቶ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው፤ እናቱ ፊት ግን አይደለም። ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ምግብ አለኝ ብለው አስመዘገቡ። በርበሬውን አዩት፣ አሸተቱት፣ አሳለፉት።